የጦርነት ዘመን ፖስተርና የእኛ ሌማት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ብሪታንያ ከምትበላው አብዛኛው በመርከብ የሚገባ ነበር። የጀርመን ባሕር ሰርጓጆች መርከቦቹን ማስጠም ሲጀምሩ መንግሥት በየግድግዳው ፖስተር ለጠፈ። «ለድል ቆፍሩ» የሚለው ዘመቻ የአበባ መደቡን ሁሉ ጎመንና ድንች አስዘራበት። «ዶክተር ካሮት» የተባለ ሥዕል ደግሞ ልጆችን ከካሮት ጋር አወዳጀ። ከፖስተሮቹ ሦስት ምክር ይወጣል፦ ጓሮህን አልማ፣ ከውጭ የሚመጣውን በአገር ምርት ተካ፣ ምግብ አታባክን።

ዛሬ «ዘላቂ አመጋገብ» የሚባለው ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ መሬትና ውኃ ሳይራቆት፣ የነገው ትውልድም እንዲበላ አድርጎ መብላት ማለት ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ላለችው ደጋን ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም። የአካባቢው ማሽላ ዝናብ ሲያጥር ከበቆሎ ይልቅ ይታገሣል። በቃሉ ወረዳ የሚዘራው ማሾ ቶሎ ይደርሳል፤ ጥራጥሬ በመሆኑም መሬቱን ያዳብራል። የተረፈ እንጀራ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፤ በሶና ቆሎ ለዘማችም ለመንገደኛም ስንቅ ናቸው።

ምክሩን እንዳለ መቅዳት ግን አያዋጣም። ዛሬ በዘላቂ አመጋገብ ስም «ሥጋ ቀንሱ» የሚባለው ከብቱ ለሰው የሚሆን እህል በሚበላበት አገር ነው። የእኛ በሬ በአብዛኛው ገለባና የማሽላ አገዳ ይበላል፤ ያርሳልም። ብክነታችንም ከሳህን ላይ ይልቅ ጎታ ውስጥ ይብሳል፤ ነቀዝና አይጥ የገበሬውን ልፋት ይጨርሱታል። ስለዚህ ለደጋን ፖስተር ቢሠራ መጀመሪያ ሊጻፍበት የሚገባው «እህልህን በደንብ አድርቅ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት አስቀምጥ» የሚለው ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን ፖስተሩ ላይ አልተጻፈም። ከፖስተሩ ጀርባ ራሽን ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥር 1940 እስከ ሐምሌ 1954 ቅቤና ስኳር፣ ሥጋና አይብ በየጊዜው በኩፖን ተደልድለዋል፤ ሀብታሙም ድሃውም መሠረታዊ ድርሻ ነበረው። «ቆጥብ» የተባለው ሰው ጎረቤቱም እንደሚቆጥብ ያውቅ ነበር።

ደጋን የምትገኝባት ወሎ የዚህን ተቃራኒ አይታለች። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በ1965 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የደሴ የእህል ዋጋ እምብዛም አልናረም፤ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና አስመራ የሚሄድ እህልም ነበር። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ገበያ ላይ እህል እያለ ሞተ።

እንግዲህ ጓሮ ማልማትም፣ ድርቆሽ ማድረቅም፣ ጎታ መጠበቅም ደግ ነው፤ ይህ የየቤቱ ሥራ ነው። ለባዶ ጎታ ግን የቁጠባ ምክር አይበቃም። ሰብል የጠፋበት ሰው ድርሻውን የሚያገኝበትን መንገድ አስቀድሞ ማበጀት የመንግሥትና የሁላችንም ዕዳ ነው።