በዩኒክስ ሰርቨር ላይ የማከማቻ ኮታን ማረጋገጥ

በጋራ የዩኒክስ ሰርቨር ላይ ባዶ ቦታ እያለ ሰነድ አልቀመጥ ካለ፣ ምክንያቱ ለተጠቃሚው ወይም ለቡድኑ የተመደበው ኮታ መሙላቱ ሊሆን ይችላል። ኮታ የፋይሎችን መጠን ብቻ ሳይሆን ብዛታቸውንም ይገድባል።

ገደቡ ሁለት ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያውን ለጊዜው ማለፍ ይፈቀዳል፤ በሊኑክስ የተለመደው የእፎይታ ጊዜ 7 ቀን ነው። ሁለተኛው ግን የማይታለፍ ጣሪያ ነው። የእፎይታ ጊዜው ካበቃ ወይም ጣሪያው ከተነካ ተጨማሪ መረጃ ማስቀመጥ አይቻልም፤ በመቀመጥ ላይ ያለ ሰነድም ተቆርጦ ሊቀር ይችላል።

ተጠቃሚው «ኮታ» የሚለውን ትእዛዝ በላቲን ፊደላት ሲጽፍ የያዘውንና የተፈቀደለትን መጠን ያያል። የቡድኑን ለማየት ከትእዛዙ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ትቶ ሰረዝና «ጂ» ፊደልን ይጨምራል። ከተያዘው መጠን ጎን የኮከብ ምልክት ከታየ ገደቡ ታልፏል ማለት ነው፤ በመሆኑም የእፎይታ ጊዜው ሳያበቃ አላስፈላጊ ፋይሎችን መሰረዝ ወይም የሰርቨሩን አስተዳዳሪ ማነጋገር ይገባል።