የሴት ሆርሞኖችና የሰውነት የመከላከል ኃይል

የሰው አካል ከውጭ ከሚገቡ ተሕዋስያን ራሱን የሚጠብቅበት የመከላከል ኃይል አለው። የዚህ ኃይል ዘቦች ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ዘብ ወዳጅን ከጠላት ሲለይ ቤቱ በሰላም ያድራል፤ መለየት ሲሳነው ግን የሚጠብቀውን ቤት ራሱን ያፈርሳል። መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው በሽታ ከእንዲህ ያለ ስሕተት የሚመጣ ነው።

በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ የሚገኙ ነርቮች፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ በፕላስቲክ እንደሚሸፈን ሁሉ፣ ማይሊን በተባለ ቅባትነት ባለው ልባስ የተሸፈኑ ናቸው። በዚህ በሽታ ጊዜ ነጭ የደም ሴሎች ልባሱን እንደ ባዕድ ቆጥረው ያጠቁታል። ልባሱ ሲጎዳ በነርቭ የሚተላለፈው መልእክት ይዘገያል ወይም ይቋረጣል። በዚህም ምክንያት የሕመምተኛው ዓይን ይደክማል፤ እጅና እግሩ ይደነዝዛል፤ አካሄዱም ይናጋል። በሽታውን ከሌሎች ደዌዎች ለይቶ እ.ኤ.አ. በ1868 በፓሪስ የገለጸው ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርተን ሻርኮ ነው።

በሽታው በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበዛል። ስለሆነም ተመራማሪዎች ከዘር ውርስና ከአካባቢ ሁኔታ ሌላ፣ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቴሮን የተባሉትን የሴት ሆርሞኖች ይመረምራሉ። ለምርመራው ዋና ፍንጭ የሰጠው እርግዝና ነው።

እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ ብዙ ሐኪሞች፣ ሕመሙ ይጠናባቸዋል በሚል ሥጋት፣ በሽታው ያለባቸው ሴቶች እንዳያረግዙ ይመክሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመና በ12 የአውሮፓ አገሮች በሚኖሩ 254 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ከእርግዝና በፊት በነበረው ዓመት ለአንዲት ሴት በአማካይ 0.7 ጊዜ ያገረሽ የነበረው ሕመም፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት በዓመት ሲሰላ ወደ 0.2 ዝቅ አለ። ከወሊድ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ደግሞ ወደ 1.2 ከፍ አለ። ይሁን እንጂ የአካል ጉዳቱ በእርግዝናው ምክንያት ሲፋጠን አልታየም።

ይህ የሚሆነው እንዴት ነው? ፅንስ ግማሽ ባሕርዩን ከአባቱ ስለሚወርስ፣ ለእናቱ አካል በከፊል ባዕድ ነው። የእናቲቱ የመከላከል ኃይል ፅንሱን እንዳያጠቃ መለዘብ አለበት። በእርግዝና ጊዜ የሆርሞኖቹ መጠን እጅግ ይጨምራል፤ ከእንግዴ ልጅም ኤስትሪኦል የተባለ ኤስትሮጅን በብዛት ይመነጫል። እነዚህ ሆርሞኖች ብግነት የሚያስነሡትን ሴሎች ያቀዘቅዛሉ፤ ሌሎችን ሴሎች የሚገቱትንም ያበረታሉ። በዚህ አኳኋን ፅንሱን ያተረፈው ለዘብታ ለነርቭ ልባስም ይተርፋል። ከወሊድ በኋላ ሆርሞኖቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚያሽቆለቁሉ፣ ዘቡ እንደገና ይቆጣል።

በዚሁ መሠረት በአሜሪካ ተመራማሪዎች ለ164 ሕመምተኛ ሴቶች ከተለመደው መድኃኒት ጋር ለከፊሎቹ ኤስትሪኦል ሰጥተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ውጤት ኤስትሪኦል በወሰዱት ላይ የማገርሸቱ ጊዜ እንደቀነሰ ቢያመለክትም፣ ሕክምናውን ለማጽደቅ ሰፋ ያለ ሙከራ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ በሽታው ያለባት ሴት ልጅ የመውለድ ተስፋዋን መቁረጥ የለባትም። መድኃኒቷን አስቀድማ ከሐኪም ጋር መመካከር፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራትም የቅርብ ክትትል ማግኘት ግን ይገባታል።