በራዲዮ የሚሰማው የዘመድ ድምፅ

ገንዘብ ሳያገኙበት፤ ለመማርና ለመወዳጀት ብቻ ብለው፤ ከመንግሥት ፈቃድ እያወጡ በገዛ ራዲዮናቸው ከሩቅ አገር ሰው ጋራ የሚነጋገሩ ሰዎች በዓለም ሁሉ ይገኛሉ፤ አማተር ራዲዮኞችም ይባላሉ። በአገራችንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው ኢ ቲ 3 ኤ ኤ የተባለው ጣቢያ ከብዙ አገሮች አማተሮች ጋራ ተነጋግሯል። በእነዚህ ሰዎች መካከል ድምፅን በአናሎግ መላክ ይሻላል ወይስ በዲጂታል የሚል ክርክር ከተነሣ ቈይቷል። ነገሩ የመሐንዲሶች ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በጭንቅ ጊዜ ከሩቅ የሚመጣውን የዘመድ ድምፅ የሚመለከት ስለ ሆነ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልናወሳው ወደድን።

አናሎግ የሚባለው አሮጌው መንገድ ነው። ሰው ሲናገር ድምፁ እንደሚለዋወጥ የራዲዮውም ሞገድ ያንኑ እየተከተለ ይለዋወጣል። ስለዚህ ተናጋሪው ጉንፋን ይዞት እንደ ሆነ፤ ወይም ፈርቶ እንደ ሆነ ከድምፁ ይታወቃል። እየራቀ ሲሄድ ግን በቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ያለ ጩኸት እየበረታ ቃሉን ይሸፍነዋል።

የዲጂታሉ ነገር ከዚህ የተለየ ነው። መሣሪያው የሚልከው የድምፁን መግለጫ እንጂ ድምፁን አይደለም። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ሃምሳ ጊዜ ያህል ድምፁን እየመረመረ ቅጥነቱን፤ ኀይሉንና መልኩን በቍጥር ይጽፋል፤ በወዲያኛው ወገን ያለው መሣሪያ ቍጥሩን አንብቦ እንደ ገና ድምፅ ይሠራል። የዚህ ዘዴ አባት አሜሪካዊው ሆመር ዳድሊ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. የዋሽንግተንና የሎንዶን ባለሥልጣኖች በጦርነቱ ጊዜ ምስጢር የተነጋገሩት በዚሁ ዘዴ ነበር። ዲጂታል የሆነው ተራ ስልክ ለድምፅ በሴኮንድ 64,000 ምልክት ሲልክ፤ የጃፓን አማተሮች ማኅበር ያሠራው ዲ ስታር የተባለው ራዲዮ የሚልከው 2,400 ብቻ ነው፤ ይህም ከሃያ አምስት እጅ አንዱን እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ንግግሩ ጥርት ብሎ ሲሰማ፤ የድምፁ ለዛ ይቀንሳል፤ የወንድማማቾችን ድምፅ መለየትም ያስቸግራል። በተናጋሪው አጠገብ ሕፃን ቢያለቅስ መሣሪያው ሁለቱን ቀላቅሎ እንግዳ የሆነ ጩኸት ያወጣል።

ትልቁ ልዩነት ግን በስተ መጨረሻው ርቀት ላይ ይታያል። ዲጂታሉ አናሎጉ በጩኸት ከተሸፈነበት ስፍራ ላይ እንኳ ሳይቀር ጥርት ብሎ ሊሰማ ይችላል፤ ከዚያም ጥቂት ራቅ ሲሉ በድንገት ይሰባበርና ጸጥ ይላል፤ አማተሮችም ይህን ገደል ይሉታል። በተራራ ላይ እግሩ የተሰበረ ሰው «ድረሱልኝ» ብሎ ያለበትን ስፍራ ቢናገር፤ በአናሎግ ከአራት ቃል አንዱ ቢሰማ የሰው ጆሮ የቀረውን ይገምታል፤ እናት ከሆነች ደግሞ ከጩኸቱ መካከል የልጅዋን ድምፅ ትለያለች። ከገደሉ ያለፈው ዲጂታል ግን ምንም የሚገመት ነገር አይተውም።

ይህን ስንል ዲጂታሉን መንቀፋችን አይደለም። ዲ ኤም አር በተባለው ስልት ሁለት ንግግሮች በአንድ መሥመር ላይ ተራ በተራ እየገቡ ሳይጋጩ ይሄዳሉ፤ ማቀባበያ ጣቢያዎቹም በኢንተርኔት ስለሚያያዙ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ራዲዮ ባሕር ማዶ ያለውን ሰው ያነጋግራል። የጥንቶቹ አማተሮች ግን ይህን መንገድ ገመዱ ሄደ እንጂ ሞገዱ አልሄደም እያሉ ያሾፉበታል፤ ቀልዳቸውም እውነት አለበት። ድምፁን በቍጥር የሚጽፈው ዘዴ የአንድ ኩባንያ ንብረት ሆኖ ውስጡን መመርመር ስላልተፈቀደም ብዙዎች አዝነዋል፤ በዚህም ምክንያት አውስትራሊያዊው ዴቪድ ሮው ኮዴክ 2 የተባለውን ለሁሉ የተገለጠ ዘዴ ሠራ፤ ይህም ከአሠራሩ አንዱ በሴኮንድ በ700 ምልክት ብቻ ንግግርን ያደርሳል።

በእኛ አስተያየት ለዕለት ጨዋታ ዲጂታሉ ይበቃል፤ ለአደጋ ጊዜ ግን አናሎጉ ሊቀር አይገባም። ብዙዎቹ ዲጂታል ራዲዮዎች በአናሎግም ስለሚሠሩ ፈቃድ ያለው ሰው ሁለቱን ሊፈትናቸው ይችላል። ከመንገዱ ዳር እስከ መጨረሻው ኮረብታ እየሄደ በሁለቱም ተራ በተራ ይናገር፤ ቤት የቀሩትም የቱ ቃል እንደ ደረሰና ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ በየስፍራው ይጻፉለት።