የዋልታዎቹን በረዶ ማን ያስተዳድረዋል?

ከጊምቢቹ እስከ ሆሳዕና ደቡብ አፍሪካ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። ከነዚያ ዘመዶች አንዱ ኬፕታውን የሚኖር ከሆነና በታኅሣሥ ገደማ ወደ ወደቡ ጎራ ካለ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ትልቅ መርከብ ነዳጅና ስንቅ ሲጭን ሊያይ ይችላል። «ኤስ ኤ አጉልሃስ 2» ይባላል፤ የሚሄደው አንታርክቲካ ላይ ወዳለው የደቡብ አፍሪካ የምርምር ጣቢያ ነው። እዚያ ለመግባት ቪዛ የሚመታ መንግሥት የለም። ታዲያ ያን የሚያህል መሬት በማን ሕግ ይተዳደራል? (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንታርክቲካ ነባር ሕዝብ ኖሮት አያውቅም። ሰባት አገሮች ግን «ይህ ቁራሽ የእኔ ነው» ብለዋል፦ ብሪታንያ፣ ፈረንሳይ፣ ኖርዌይ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ አርጀንቲናና ቺሊ። የብሪታንያ፣ የአርጀንቲናና የቺሊ ድርሻ እርስ በርሱ ይደራረባል። ጠቡ ሳይባባስ፣ በ1959፣ 12 አገሮች ዋሽንግተን ላይ አንድ ስምምነት ፈረሙ። አካባቢው ለሰላማዊ ዓላማ ብቻ ይውላል፤ ሳይንሳዊ ምርምር በነጻነት ይካሄዳል፤ የኑክሌር ሙከራ የለም፤ ማንኛዋም ድምፅ ያላት አባል አገር የሌላዋን ጣቢያ ገብታ መፈተሽ ትችላለች። የይገባኛል ጥያቄው ግን ተቀባይነትም አላገኘም፣ ውድቅም አልሆነም። ነገሩ እንዲያድር ተደረገ፤ እነሆ ከ60 ዓመት በላይ አድሯል። በእኔ ግምት የስምምነቱ ብልሃት ይህ ነው።

ማዕድን ማውጣትን የከለከለው በ1991 ማድሪድ ላይ የተፈረመው ፕሮቶኮል ነው። «በ2048 ስምምነቱ ያበቃል» የሚል ወሬ ብዙ ይሰማል፤ ስህተት ነው። ከ2048 በኋላ ድምፅ ያላት አገር ፕሮቶኮሉ እንዲታይ ጉባኤ መጥራት ትችላለች እንጂ ክልከላው በራሱ ጊዜ አይነሳም። ለማንሳትም አስቀድሞ ማዕድኑን የሚቆጣጠር አስገዳጅ ሕግ መኖር አለበት።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ሁሉም ነገር የሚወሰነው በሙሉ ስምምነት ነው፤ አንድ አገር እምቢ ካለ ነገሩ ይቆማል። በ2022 በርሊን ላይ ንጉሠ ነገሥት የሚባለው ፔንግዊን ልዩ ጥበቃ እንዲደረግለት ሐሳብ ቀርቦ ቻይና ሳትስማማ ቀረች። ይህ ወፍ ጫጩቶቹን የሚያሳድገው በባሕር በረዶ ላይ ነው፤ በረዶው ቀድሞ ከተሰባበረ ገና ላባቸው ያልጠነከረ ጫጩቶች ውሃ ውስጥ ገብተው ያልቃሉ። ክሪል የተባለችውን ጣት የማታህል የባሕር ፍጥረትም እንይ። ዓሣ ነባሪውም ፔንግዊኑም የሚኖሩት በእሷ ነው፤ ሰዎች ደግሞ ለዓሣ መኖና ለዘይት በመርከብ ያጠምዷታል። ጠመዳው አንድ ቦታ ላይ እንዳይበረታ በየአካባቢው የሚያከፋፍል ደንብ ነበር። በ2024 ጊዜው ሲያልፍ አባል አገሮቹ ለማደስ አልተስማሙም። በ2025 ለጠመዳው የተቀመጠው የ620,000 ቶን ጣሪያ ወቅቱ ሳያልቅ ሞላና ጠመዳው ተዘጋ። ቀድሞ ብርዱና በረዶው ራሱ ዘበኛ ነበር፤ አሁን ያ ዘበኛ እየሳሳ፣ ሕጉ ብቻውን እየቀረ ነው።

ሰሜኑ ሌላ ነው። አርክቲክ በየብስ የተከበበ ውቅያኖስ ነው፤ ሰውም ይኖርበታል። ስለዚህ እንደ ደቡቡ አንድ ልዩ ስምምነት የለውም፤ የሚሠራበት የተለመደው የባሕር ሕግ ነው። ስምንቱ የአካባቢው አገሮች በ1996 የአርክቲክ ምክር ቤትን አቋቋሙ፤ የነባር ሕዝቦች ድርጅቶችም በቋሚነት ይሳተፉበታል። ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን ስትወር ሌሎቹ ሰባቱ ከእሷ ጋር መሰብሰብ አቆሙ፤ ሥራው ከዚያ ወዲህ የቀጠለው በከፊል ነው። ይህ የሆነው አካባቢው ከዓለም አማካይ በሦስትና በአራት እጥፍ ፍጥነት እየሞቀ ባለበት ጊዜ ነው። ደግ ምሳሌም አለ፦ ገና ማንም ዓሣ ሳይነግድበት፣ በ2018፣ በመካከለኛው የአርክቲክ ውቅያኖስ የንግድ ጠመዳን ለ16 ዓመት የሚያግድ ስምምነት ተፈርሟል። እሳት ሳይነሳ ውሃ ማዘጋጀት በዓለም ፖለቲካ ብዙ አይታይም።

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። በጊምቢቹ ዙሪያ ስንዴ ማሳ ላይ የሚበተነው ማዳበሪያ ከውጭ የሚገባው በጅቡቲ ወደብ በኩል ነው፤ የዋልታዎቹ በረዶ ደግሞ ወደቡን ይነካዋል። በባሕር ላይ የሚንሳፈፈው በረዶ ሲቀልጥ የባሕሩን ከፍታ ይህን ያህል አይለውጠውም፤ በየብስ ላይ ያለው ግን ይጨምረዋል። የግሪንላንድ በረዶ ሁሉ ቢቀልጥ ባሕሩን 7 ሜትር ገደማ ከፍ ያደርገዋል፤ የአንታርክቲካው ከ50 ሜትር በላይ። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ነው፤ ወደብ ግን ጥቂት አስር ሴንቲ ሜትርም ያስጨንቀዋል። በአርክቲክ የሚያልፈው የመርከብ መንገድ በሰፊው ከተከፈተ ደግሞ ከእስያ ወደ አውሮፓ የሚጓዙ መርከቦች አንዳንዶቹ ቀይ ባሕርን ሊተዉ ይችላሉ።

አፍሪካ በዚህ ጉዳይ አንድ ጊዜ ድምፅዋን አሰምታ ነበር፤ ያውም አዲስ አበባ ላይ። በሐምሌ 1985 (በእኛ 1977) የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ አንታርክቲካን የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ሀብት አለ። በጉዳዩ ቁጣም ነበር፦ ከአፍሪካ በ1959 ብቻዋን የፈረመችው የአፓርታይድዋ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። አፓርታይድ ወደቀ፤ ጣቢያውና ወንበሩ ለአዲሲቱ ደቡብ አፍሪካ ቀረ። ኢትዮጵያ ግን እስካሁን ከስምምነቱ ውጭ ናት። የተባበሩት መንግሥታትን የባሕር ሕግ ስምምነትም በ1982 ፈርማ አላጸደቀችውም።

የአንታርክቲካ ስምምነት ለተባበሩት መንግሥታት አባል ሁሉ ክፍት ነው፤ ለመግባት የመቀበያ ሰነዱን ለአሜሪካ መንግሥት ማስረከብ ይበቃል። ድምፅ ለማግኘት እዚያ ከባድ ምርምር ማካሄድ ይጠይቃል፤ ተሰብሳቢ ሆኖ ለማዳመጥና ለመናገር ግን መርከብም ጣቢያም አያስፈልግም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቢያዩት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ውሳኔ ነው።