እንቆቆና የህንዱ ዘመዱ

ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር የኮሶ ትል የሁሉም ቤት ጉዳይ ነው። ለዚህ ችግር አያቶቻችን ከሚያውቋቸው መድኃኒቶች ኮሶና እንቆቆ ዋነኞቹ ነበሩ። የኮሶን ምሬት ያልሰማ የለም። እንቆቆ ግን ድምፁን አጥፍቶ የኖረ ነው። ቁንዶ በርበሬ የምታክል ደረቅ ፍሬ ከቅመም ሻጮች መደብ ተሰፍራ ትገዛለች፤ ተወቅጣ በባዶ ሆድ ትጠጣለች። ተክሉን በዓይናችን ያየን ስንቶቻችን እንሆን?

እንቆቆ በደን ውስጥ በሌሎች ዛፎች ላይ እየተንጠላጠለ ወደ ብርሃን የሚወጣ ሐረግ ነው። ደኑ ተመንጥሮ በቦታው ባሕር ዛፍ ቢተከል አረንጓዴው ይመለስ ይሆናል፤ እንቆቆው ግን አብሮ ይመለሳል ማለት አይደለም።

ነገሩ ወዴት ሊያመራ እንደሚችል ከህንድ መረዳት ይቻላል። በምዕራብ ህንድ፣ ከባሕሩ ዳርቻ ጎን ለጎን 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል በሚዘረጋው የዌስተርን ጋትስ ተራራማ ደን ውስጥ የእንቆቆ የቅርብ ዘመድ ይበቅላል። ስሙ ቪዳንጋ ነው። እሱም ሐረግ ነው፤ ፍሬውም ቁንዶ በርበሬ ይመስላል። አዩርቬዳ በተባለው ጥንታዊ የህንድ ሕክምና ለሆድ ትላትል ሲታዘዝ ኖሯል። በሁለቱም ፍሬዎች ውስጥ ኤምቤሊን የተባለው ንጥረ ነገር ይገኛል። በዚህ ርቀት የሚኖሩ ሕዝቦች ለአንድ ዓይነት በሽታ አንድ ዓይነት ሐረግ መምረጣቸው ያስገርማል።

ቪዳንጋ ግን ዛሬ የሚፈለገው በመንደር ሳይሆን በመድኃኒት ፋብሪካ ደረጃ ነው። ፍሬው በአብዛኛው ከዱር ይለቀማል፤ ከፍታው ያስቸገረው ለቃሚ ሐረጉን ቆርጦ ያወርደዋል። ለከርሞ የሚያፈራው ያው ሐረግ ነበር! ዘሩም እንደ ልብ አይበቅልም። በዚህ ላይ የደን ጭፍጨፋ ሲጨመር፣ ቪዳንጋ በህንድ ለአደጋ ከተጋለጡ የመድኃኒት ተክሎች አንዱ ሆኗል።

ገበያው ግን ባዶ አልሆነም። በቪዳንጋ ስም የሌላ ዝርያ ፍሬ ይሸጣል፤ አንዳንዴም የእኛው ቀለዋ ዘመድ የሆነ ቁጥቋጦ ፍሬ። ሲደርቁ ይመሳሰላሉ። ገዢው በእርግጠኝነት የሚያውቀው ስሙን ብቻ ነው።

ትክክለኛው ፍሬ እንኳ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ ጥናት ቪዳንጋና ኮሶ በጫጩቶች ላይ የዓይን ጉዳት ማድረሳቸውን አሳይቷል። ጫጩት ሰው አይደለም፤ ቢሆንም መጠኑን በእፍኝ ለሚለካ ቤት ማስጠንቀቂያ ነው። በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር እናቶች እንቆቆ በግምት መስጠት አይገባም። በሰገራ ላይ ነጭና ጠፍጣፋ ቁርጥራጭ ከታየ ጤና ጣቢያ መሄድ ይሻላል፤ እንደ ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ ያሉ መድኃኒቶች መጠናቸው ታውቆ ይሰጣሉ። በደንብ የበሰለ ሥጋ ደግሞ ትሉን ከነጭራሹ ያስቀራል፤ የክትፎ ወዳጆች ይቅር ይበሉን።

ህንዶቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። እ.ኤ.አ. በ2000 የተቋቋመው ብሔራዊ የመድኃኒት ተክሎች ቦርዳቸው እንዲለሙ ቅድሚያ ከሰጣቸው ተክሎች መካከል ቪዳንጋን አስገብቶታል። ዘሩ አስቸጋሪ ስለሆነ ተመራማሪዎች ከተክሉ ቁራጭ በቤተ ሙከራ ችግኝ ማባዛትን ሞክረዋል። ያ ችግኝ ግን ከቤተ ሙከራ ሲወጣ የሚንጠላጠልበት ዛፍ ይፈልጋል።