አርቮ ፔርትና የመዘምራን ሙዚቃው

እ.ኤ.አ. በ1935 በኢስቶኒያዋ ፓይዴ ከተማ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ አርቮ ፔርት ስሙ የገነነው በውጭ አገር ቢሆንም፣ ሥሩ ያለው በኅብረት መዘመርን የማንነቱ መገለጫ ባደረገ ሕዝብ ውስጥ ነው፤ ኢስቶኒያውያን ከ1869 ጀምሮ የሚያከብሩት የዝማሬ በዓል በሶቪየት አገዛዝ ዘመንም ቀጥሎ ነበር። በታሊን ኮንሰርቫቶሪ ከሄይኖ ኤለር ተምሮ በ1963 የተመረቀው ፔርት በ1968 በቀረበው «ክሬዶ» በተሰኘው ድርሰቱ በክርስቶስ ማመኑን በግልጽ በማወጁ ከባለሥልጣናቱ ጋር ተጋጨ፤ ሥራውም ታገደ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ጥቂት ብቻ እየደረሰ የግሪጎሪያን ዜማን፣ ማለትም የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ያለ መሣሪያ በአንድ ድምፅ የሚያዜመውን ጥንታዊ ዝማሬ፣ በትጋት አጠና፤ በ1972ም የኦርቶዶክስ እምነትን ተቀበለ። የዚህ ሁሉ ፍሬ በ1976 «ፊር አሊና» በተባለች አጭር የፒያኖ ድርሰት የተገለጠው ቲንቲናቡሊ የተሰኘ ስልት ሲሆን፣ በዚህ ስልት አንደኛው ድምፅ በስኬል፣ ማለትም በኖታዎች መሰላል፣ ላይ ደረጃ በደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ሁለተኛው የአንድን ትራያድ፣ ማለትም ተስማምተው የሚሰሙ ሦስት ኖታዎችን፣ ብቻ እየመረጠ ያጅበዋል፤ ከሁለቱ መገናኘትም እንደ ደወል የሚያስተጋባ ድምፅ ይወጣል። በመዘምራን ሥራዎቹ ደግሞ ገዥው ቃሉ ነው። በዮሐንስ ወንጌል የሕማማት ንባብ ላይ በተመሠረተውና በ1982 በተጠናቀቀው «ፓሲዮ» ባለ ሦስት ክፍለ ቃል ቃል ሦስት ኖታ፣ ባለ አምስቱም አምስት ኖታ ያገኛል፤ ሥርዓተ ነጥቡ ሳይቀር የድምፁን ርዝመትና የዕረፍቱን ቦታ ይወስናል። ስሌቱ ጥብቅ ሆኖ ሳለ ዝማሬው ልብ የሚነካ መሆኑ የፔርት ታላቅነት ዋና ማስረጃ ነው።

በ1980 ከቤተሰቡ ጋር አገሩን ለቆ በቪየና በኩል በርሊን ከገባ በኋላ፣ ኢሲኤም የተባለው የጀርመን ሙዚቃ አሳታሚ በ1984 ያወጣው «ታቡላ ራሳ» አልበም በዓለም ዙሪያ አስተዋወቀው። ይህ ዝና በአመዛኙ በመሣሪያ ሥራዎቹ ላይ የቆመ ስለሆነ ሙሉ ሰውየውን አያሳይም። ለኮሎኝ ካቴድራል 750ኛ ዓመት የተደረሰውና በ1998 በዚያው ካቴድራል የኢስቶኒያ ፊልሃርሞኒክ ቻምበር መዘምራን በቶኑ ካልዩስቴ መሪነት ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረቡት «ካኖን ፖካያነን» በቤተ ክርስቲያን ስላቮንኛ የንስሐ ጸሎት ላይ የተመሠረተ፣ ያለ አንዳች መሣሪያ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚዘልቅ ዝማሬ ነው። የስልቱ ሙሉ አቅም የሚታየው እዚህ ላይ በመሆኑ፣ ፔርትን በአጫጭር የመሣሪያ ድርሰቶቹ ብቻ የሚያውቅ አድማጭ ይህን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳያቋርጥ፣ ሊያዳምጠው ይገባል።