እጄን እያያችሁ ሳሉ!

በማርች 2020 የኦንታሪዮ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በየቤታችን የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ልጆቻችን ሥዕልን ሳይቀር በስክሪን መማር ጀመሩ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? የአስተማሪዋ ፊት ይታያል፣ እጇ ግን አይታይም። ሥዕል ደግሞ የሚለመደው እጅን በማየት ነው።

ካሜራውን ከፊት ለፊት አቁማ እጇን ብታሳይ እንኳ ነገሩ ይገለበጣል፤ የእሷ ቀኝ ለልጁ ግራ ይሆናል። ፊደል ስናስተምርም ያው ነው። የ«ሊ» ቅጥያ ያለው በቀኝ እግሩ ነው፤ ልጁ ግን ያየውን ልሥራ ብሎ በግራ ያደርገዋል።

መፍትሔው ካሜራውን መልበስ ነው! ደረት ላይ በማሰሪያ፣ ግንባር ላይ ወይም በመነጽር መልክ። ያን ጊዜ ልጁ የሚያየው አስተማሪዋ የምታየውን ነው፤ እጇን እንደ ራሱ እጅ ያየዋል።

ይህ ሐሳብ ለከተማችን እንግዳ አይደለም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ስቲቭ ማን የሚለበስ ኮምፒውተር ከጀመሩት አንዱ ነው፤ በ1990ዎቹ ዓይኑ የሚያየውን በኢንተርኔት ያስተላልፍ ነበር። በ2013 ደግሞ በኦንላይን የሚያስተምር አንድ የሚሺጋን የፊዚክስ መምህር ጉግል ግላስ አድርጎ ስዊዘርላንድ የሚገኘውን ሰርን ለተማሪዎቹ አስጎብኝቷል። መነጽሩ ያኔ 1,500 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ዛሬ ግን ስልክና የደረት ማሰሪያ ይበቃል።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል? አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥዕል ትምህርት ቤት ከፈቱ። ዛሬ እዚያ የተማረ ሰዓሊ ደረቱ ላይ ስልክ አስሮ ለኖርዝ ዮርክ ልጆች ማስተማር ይችላል። አያትም ሰፌድ ስትሰፋ እጇን ማሳየት ትችላለች።

ልጆች፣ እስቲ ይህን ሞክሩ! በድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው ይታያል፤ ክፉዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ በጎን ስለሚሳሉ አንድ ዓይን ብቻ ይታያል። ሁለቱንም ፊቶች ሳሉና ለአያታችሁ አሳዩ።

ወላጆች፣ ከመጀመራችሁ በፊት፦

• ስልኩን ወደ ጠረጴዛው ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ወረቀቱ መሐል ይሁን።
• መብራቱን ከማትጽፉበት እጅ በኩል አድርጉ፣ ጥላ እንዳይጋርድ።
• ቀስ በሉ። ሰውነት ሲወዛወዝ ምስሉም ይወዛወዛል፣ ልጅ ያዞረዋል።
• ቻርጀር አጠገባችሁ ይሁን፤ ቪዲዮ ባትሪ ይበላል።
• ካሜራውን አስተማሪው ብቻ ይልበስ። የሌላ ሰው ልጅ ያለ ወላጁ ፈቃድ አይቀረጽ።

ቴክኖሎጂው የአያትን ጉልበት ሥር ቁጭ ብሎ መማርን አይተካም። ግን አያት አዲስ አበባ፣ ልጅ ኖርዝ ዮርክ ሲሆን፣ ቢያንስ እጇን ያቀርብልናል።